አል-በታኒ፦ ፀሐይን ለ41 ዓመት የተከታተሉት ሙስሊም ሊቅ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋትን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያኔ አብዛኞቻችን ገና ግቢ አልገባንም ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ደበዘዘ፣ አየሩም ቀዝቀዝ አለ። ላሊበላና አካባቢዋ የነበሩ ሰዎች ፀሐይን ቀለበት ሆና አዩዋት፤ መሃሏ ጠቁሮ ዙሪያዋ ብቻ ያበራ ነበር። በሌላው የአገራችን ክፍል የነበርንና ደመና ያልከለከለን ደግሞ እንደ ማጭድ ቀጥና አየናት። ሶላተል ኩሱፍ የሰገደ ሰገደ፣ የፈራም ፈራ፣ በስልኩ ፎቶ ለማንሳት የሞከረም ብዙ ነበር።

ያን ዕለት ብዙዎቻችን ያልጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ትሸፍናታለች፣ አንዳንዴ ግን ዙሪያዋን ትታ ቀለበት ታደርጋታለች፤ ለምን? ከ1,100 ዓመት በፊት ይህን ጥያቄ በትዕግሥትና በልኬት የመረመሩ አንድ ሙስሊም ሊቅ ነበሩ። በዚህ እትም የእኒህን ሰው ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ሙሉ ስማቸው አቡ ዐብደላህ ሙሐመድ ኢብን ጃቢር ኢብን ሲናን አል-በታኒ ነው፤ ረሒመሁላህ።

ኮከብ ይመለክባት በነበረች ከተማ

አል-በታኒ የተወለዱት በ244 ዓመተ ሂጅራ (858 እ.ኤ.አ.) ገደማ በሐራን አካባቢ ነው። ሐራን ዛሬ በደቡባዊ ቱርክ፣ ከሶርያ ድንበር አጠገብ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ከተማዋ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር። አንደኛው ሳቢኣ የሚባሉት ነዋሪዎቿ ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች ፀሐይን፣ ጨረቃንና በዓይን የሚታዩትን አምስቱን ፕላኔቶች ያከብሩና ያመልኩ ነበር። ሁለተኛው የሥነ ፈለክ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ባለሙያዎቿ ናቸው። ሰማዩን የሚያመልክ ሕዝብ ሰማዩን መከታተሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ሐራን የሒሳብና የኮከብ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍባት ከተማ ሆነች።

የአል-በታኒ ቤተሰብም መነሻው ከእነዚህ ሰዎች ነው። «አስ-ሳቢእ» የሚለው ቅጽል በስማቸው ላይ የቀረው፣ መጽሐፋቸውም «ዚጅ አስ-ሳቢእ» ተብሎ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። እሳቸው ግን ስማቸው እንደሚመሰክረው ሙስሊም ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በሱረቱል አንዓም ውስጥ የነቢዩ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ኮከቡን አዩ፣ ጠለቀ፤ ጨረቃዋን አዩ፣ ጠለቀች፤ ፀሐይዋንም አዩ፣ ጠለቀች። የሚጠልቅ ነገር አምላክ ሊሆን እንደማይችልም ለሕዝባቸው አሳዩ። የአል-በታኒም ሕይወት ይህንኑ ያስታውሰናል። አያቶቻቸው የሰገዱላቸውን አካላት እሳቸው በዲግሪና በደቂቃ ለኩ። የሚለካ ነገር ደግሞ ፍጡር ነው፤ መጠንና ሥርዓት የሰጠው አለ።

አርባ አንድ ዓመት በረቃ

ወጣቱ አል-በታኒ ከሐራን ወደ ረቃ ተጓዙ። ረቃ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ በሰሜን ሶርያ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከእሳቸው በፊት ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ለዓመታት መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር። አል-በታኒ በዚች ከተማ ከ264 እስከ 306 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም ከ877 እስከ 918 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰማዩን ሲመለከቱና ሲመዘግቡ ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት በባግዳድ ዙፋን ላይ አራት ኸሊፋዎች ተፈራርቀዋል። ረቃ ላይ ግን የአል-በታኒ ሥራ አልተቋረጠም።

በዘመኑ ቴሌስኮፕ አልነበረም፤ ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ የተቃናው ከእሳቸው 700 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የነበራቸው በዓይን የሚሠራ መሣሪያ ነው፦ ቀጥ ብሎ የሚተከልና ጥላው የሚለካ ዘንግ፣ ግድግዳ ላይ የሚሠራ በዲግሪ የተከፋፈለ ሩብ ክብ፣ አስጡርላብ፣ የሰማይን ቅርጽ የሚያሳዩ ቀለበቶች፣ የጥላ ሰዓት። እነዚህን ይዘው ፀሐይ በቀትር ምን ያህል ከፍ እንደምትል፣ ቀንና ሌሊት በየትኛው ዕለት እኩል እንደሚሆኑ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደሚያልፉ መዘገቡ።

ይህ ሥራ ለሙስሊሙ የዕለት ኑሮም ቅርብ ነው። የዙህር ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከአናት ላይ ዘንበል ስትል ነው። ዐስር በጥላ ርዝመት ይታወቃል። ረመዳን በጨረቃ ይገባል። ቂብላን ማግኘትም የቦታና የአቅጣጫ ስሌት ይጠይቃል። አል-በታኒ የጥላን ርዝመት ከፀሐይ ከፍታ ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ አዘጋጅተዋል፤ ዛሬ በሒሳብ ክፍል ኮታንጀንት የምንለው ይህንኑ ነው። ግሪኮች ይጠቀሙበት በነበረው አስቸጋሪ ስሌት ፋንታ ሳይንን በሰፊው በመጠቀምም ለኋለኞቹ መንገዱን አቅልለዋል። ትሪጎኖሜትሪ ሲከብደን ቢያንስ ለምን እንደተፈለገ እናስታውስ፤ አንዱ ምክንያት ጥላ ነበር።

ይህን ማንኛችንም ግቢ ውስጥ ልንሞክረው እንችላለን። ቀጥ ያለ እንጨት ተክለን ቀትር ላይ ጥላውን እንይ። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪዎቹ ወራት ወደ ሰሜን ይዞራል። በሁለቱ መሃል ፀሐይ ልክ በአናታችን ላይ የምታልፍባቸውና የእንጨቱ ጥላ ከሥሩ የሚጠፋባቸው ዕለታት አሉ። ረቃ ከምድር ወገብ ስለምትርቅ አል-በታኒ ይህን በከተማቸው ማየት አይችሉም ነበር። እኛ እናያለን።

የምድር ዘንበል ማለት

ጥላው በዓመቱ ውስጥ የሚረዝመውና የሚያጥረው ለምንድን ነው? ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ትሽከረከራለች፤ በፀሐይ ዙሪያ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች። ዛቢያዋ ግን ቀጥ ያለ ሳይሆን ዘንበል ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ግማሹን ዓመት የሰሜኑ ክፍል፣ ግማሹን ደግሞ የደቡቡ ክፍል ወደ ፀሐይ ያጋድላል። በጋና ክረምት፣ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚመጡት ከዚህ ነው።

አል-በታኒ ይህን ዘንበል ማለት ለኩ። በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ላይ የፀሐይን የቀትር ከፍታ መዘገቡ፤ የሁለቱን ልዩነት ለሁለት ሲያካፍሉ 23 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ አገኙ። እዚህ ላይ ደቂቃ የምንለው የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው። ከእሳቸው 700 ዓመት ያህል በፊት በግብፅ እስክንድርያ የኖረውና በዘመኑ ሁሉ የሥነ ፈለክ አባት ተደርጎ ይታይ የነበረው ቶለሚ (በዐረብኛው በጥለሚዩስ) 23 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ብሎ ነበር። ይህ ዘንበል ማለት በክፍለ ዘመናት ውስጥ በጣም በትንሹ ይለዋወጣል፤ ዛሬ 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ገደማ ነው። የዛሬ ስሌት ወደ ኋላ ተመልሶ የአል-በታኒን ዘመን ሲያሰላ የሚያገኘው ያንኑ 23 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ነው። ያለ ቴሌስኮፕ፣ በዓይን!

ቀለበቷ ፀሐይ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፀሐይ ከእኛ በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ወርዷ የምድርን 109 እጥፍ፣ የጨረቃን ደግሞ 400 እጥፍ ያህል ነው። ይሁንና ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ስለምትርቅ ሁለቱ ለዓይናችን እኩል ይመስላሉ። ሱብሓነላህ! ግርዶሽ እንዲህ የሚያስደንቀው በዚህ ልክ ምክንያት ነው።

ቶለሚ የፀሐይ መጠን ለዓይን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ያምን ነበር። በእሱ ስሌት ቀለበታማ ግርዶሽ ሊኖር አይችልም። አል-በታኒ ግን የፀሐይ መጠን በዓመቱ ውስጥ በትንሹ እንደሚለዋወጥ አገኙ። ስትቀርብ ተለቅ፣ ስትርቅ አነስ ትላለች። ጨረቃም እንዲሁ ትቀርባለች፣ ትርቃለች። እንግዲህ ጨረቃ ርቃ ሳለ ፀሐይን ብትጋርድ ሙሉ በሙሉ ልትሸፍናት አትችልም፤ ዙሪያዋ ይተርፋል። ቀለበታማ ግርዶሽ የሚቻል መሆኑን አል-በታኒ በዚህ መንገድ አሳዩ።

ዛሬ ቁጥሩን በትክክል እናውቃለን። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ ማብቂያ ነው፤ ርቀቱም 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በጣም የምትርቀው በሰኔ ማብቂያ ሲሆን ያኔ 152 ሚሊዮን ይደርሳል። የሰኔ 14ቱ ግርዶሽ የተከሰተው ፀሐይ ለዓይን በጣም አነስ ወደምትልበት ጊዜ ስንቃረብ ነበር። ጨረቃ የፀሐይን ወርድ 99 በመቶ ያህል ሸፈነችው፤ ቀለበቱ ያን ያህል የቀጠነው ለዚህ ነው።

አል-በታኒ ከዚህም አልፈው ሄዱ። ፀሐይ በጣም የምትርቅበት ነጥብ ቶለሚ ካስቀመጠው ቦታ 17 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብሎ አገኙት። ቶለሚ ያ ነጥብ ለዘላለም አይንቀሳቀስም ብሎ ነበር። አል-በታኒ ግን የለኩትን ይዘው ነጥቡ እንደሚንቀሳቀስ አስተማሩ፤ ነጥቡም በእርግጥ ይንቀሳቀሳል።

ነገሩን በትክክል ለመናገር፣ አል-በታኒ እንደ ዘመናቸው ሊቃውንት ሁሉ ፀሐይ ምድርን ትዞራለች ብለው ነበር የሚያሰሉት። ሥዕሉ በኋላ ተለወጠ፤ ርቀቱ፣ ማዕዘኑና ጊዜው ግን ተለክተው ስለነበር በአዲሱ ሥዕልም ውስጥ ጠቀሙ።

አምስቱ ተጓዦች

ያለ መሣሪያ የሚታዩት ፕላኔቶች አምስት ናቸው፦ ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን። በዐረብኛ ዑጣሪድ፣ ዙህራ፣ ሚሪኽ፣ ሙሽተሪና ዙሐል ይባላሉ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ዩራነስና ኔፕቲዩን፣ የተገኙት ከቴሌስኮፕ በኋላ በ1781 እና በ1846 እ.ኤ.አ. ነው። ምድራችን ስትጨመር ስምንት ይሆናሉ።

ሜርኩሪ በፀሐይ ዙሪያ አንድ ዙር ለመጨረስ 88 ቀን ይበቃዋል፤ ቬኑስ 225 ቀን፣ ማርስ 687 ቀን ይፈጃሉ። ጁፒተር ግን 12 ዓመት ያህል፣ ሳተርን ደግሞ 29 ዓመት ተኩል ያህል ይወስድበታል። ይህን ይዘን የአል-በታኒን 41 ዓመት እንየው። ጁፒተርን ሦስት ሙሉ ዙር ለመከታተል ደርሰዋል። ሳተርንን ግን አንድ ሙሉ ዙር ብቻ። አንድን ፕላኔት አንድ ጊዜ ሲዞር ለማየት ከወጣትነት እስከ ሽበት መቆየት ነበረባቸው። እኛ አንድ ሴሚስተር ሲረዝምብን እናማርራለን።

በዚህ ሁሉ መሃል ግርዶሾችንም መዝግበዋል። በ883 እ.ኤ.አ. የጨረቃን፣ በ891 ደግሞ የፀሐይን ግርዶሽ በረቃ ተመለከቱ። በ901 በአንጾኪያ ሆነው ሁለቱንም ዓይነት አዩ። ግርዶሽን በተመለከተ ሙስሊሞች ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትን ይዘው ነበር። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለሕፃኑ ሞት ነው አሉ። ነቢዩ ግን በሐዘናቸው መሃል ሆነው እንኳ ይህን አልተቀበሉም፤ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ግርዶሽን ያለ ፍርሃት ሊመዘግብ የሚችል ሰው እንዲህ ባለ ትምህርት ውስጥ ያደገ ሰው ነው።

ዓመቱ ስንት ነው?

ከአል-በታኒ ሥራዎች በጣም የሚታወቀው የዓመት ልኬታቸው ነው። በ882 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ቅጽበት በረቃ ለኩ። ቶለሚ በ139 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩን ለክቻለሁ ብሎ ጽፎ ነበር። በሁለቱ መካከል 743 ዓመት አለ። የቀኖቹን ብዛት ለ743 ሲያካፍሉ አንድ ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ሆነ። ዛሬ የምናውቀው 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ብቻ!

ከራሳችን አቆጣጠር ጋር እናስተያየው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ ይህ ማለት ዓመቱ በአማካይ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው ማለት ነው። ከትክክለኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በ128 ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል።

የመጨረሻው ጉዞ

አል-በታኒ ሥራቸውን በሰማይ ላይ ቢያደርጉም ከጎረቤቶቻቸው ተነጥለው የሚኖሩ ሰው አልነበሩም። በ317 ዓመተ ሂጅራ (929 እ.ኤ.አ.) የበኑ ዘያት ሰዎች የሆኑ የረቃ ነዋሪዎች በደል ደርሶባቸው አቤት ለማለት ወደ ባግዳድ ሲነሱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ አብረዋቸው ተነሱ። ዕድሜያቸውን ሰበብ አድርገው ቤታቸው መቅረት ይችሉ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ በደሉም የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። እሳቸው ግን ሄዱ።

ከባግዳድ ሲመለሱ ሳመራ አቅራቢያ ቀስር አል-ጂስ በምትባል ስፍራ ሕይወታቸው አለፈ። ረቃን ዳግመኛ አላዩዋትም። ታሪኩን ከእሳቸው ዘመን ብዙም ሳይርቅ የመዘገበው የባግዳዱ መጽሐፍ ነጋዴ ኢብኑ ነዲም ነው። የሥነ ፈለክ ሊቅ የመጨረሻ ሥራ የሰው ጉዳይ ሆነ።

መጽሐፉ ከባለቤቱ በኋላ

ሰውየው መንገድ ላይ ቀሩ፤ መጽሐፋቸው ግን ጉዞውን ቀጠለ። «ዚጅ አስ-ሳቢእ» 57 ምዕራፎች አሉት። ዚጅ ማለት የሰማይ አካላት በየጊዜው የሚገኙበትን ቦታ ለማስላት የሚያገለግል የሰንጠረዥ መጽሐፍ ነው። በውስጡ የ489 ከዋክብት ዝርዝርም አለ። በመግቢያው አል-በታኒ ይህን ዕውቀት ከሃይማኖት ዕውቀት ቀጥሎ ያስቀምጡታል፤ ቶለሚ ከእሱ በኋላ የሚመጡት እንዲያጣሩት አደራ እንዳለ ሁሉ እሳቸውም የተሳሳተውን ለማረም እንደተነሱ ይገልጻሉ።

መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተረጎመ። በ1537 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ኑረምበርግ ታተመ። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ታተመ፤ ምድርና ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ ይዞራሉ ያለው መጽሐፍ ነው። ኮፐርኒከስ በዚያ ሥራው ውስጥ አል-በታኒን ደጋግሞ ይጠቅሳል። በ1749 ደግሞ እንግሊዛዊው ደንቶርን ከተጠቀመባቸው ጥንታዊ መዝገቦች መካከል የአል-በታኒ ግርዶሾች ነበሩበት፤ የጨረቃ ጉዞ በክፍለ ዘመናት ውስጥ እየፈጠነ እንደሚመስል አሳየ። ዛሬ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የምድር መሽከርከር እጅግ በትንሹ እየዘገየ መሄዱ እንደሆነ እናውቃለን። በረቃና በአንጾኪያ በአንድ ሰው ዓይን የተያዘ መዝገብ ከ850 ዓመት በኋላ የምድርን መዘግየት ለማወቅ አገዘ። ጨረቃ ላይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ክብ ጉድጓድ በላቲኑ ስማቸው አልባቴግኒየስ ተብሎ ይጠራል።

ያቺ የሁለት ደቂቃ ስህተትም ምንጯ ተገኘ። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሲመረምሩ የአል-በታኒ የራሳቸው የ882 ልኬት በጣም ጥሩ ሆኖ አገኙት። የተሳሳተው የቶለሚ ነበር፤ ቶለሚ የጻፈው ቅጽበት ከእውነተኛው አንድ ቀን ያህል የዘገየ ነው። ያ አንድ ቀን ለ743 ዓመት ሲከፋፈል በየዓመቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ሆነ። አል-በታኒ የቶለሚን የፀሐይ መጠን፣ የምድርን ዘንበል ማለት፣ የሩቁን ነጥብ ሁሉ በራሳቸው ልኬት አርመዋል። ይህን አንድ ቁጥር ግን ሊያርሙት አልቻሉም፤ ያለፈ ቀን ተመልሶ አይለካምና አምነው ተቀበሉት።

ለእኛስ?

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሙስሊሞች በአንድ ወቅት ታላቅ ነበሩ የሚለውን ኩራት ብቻ ከሆነ ብዙ አላተረፍንም። አል-በታኒ የቀደሙትን አክብረዋል፤ አክብሮታቸው ግን ከመመርመር አላገዳቸውም። ስህተት የገባባቸውም ሊፈትሹት በማይችሉት ቦታ ነው። እኛ ግን ልንፈትሸው የምንችለውን እንኳ ሳንፈትሽ እናሳልፋለን። የላብራቶሪ ውጤት ከጓደኛ እንቀዳለን፣ የሚጠበቀውን መልስ አውቀን ቁጥሩን ወደዚያ እናስጠጋለን፣ በስልክ የተላከልንን ሳናጣራ ለሌላው እናስተላልፋለን። የተለካ ቁጥር አማና ነው። ነገ ሌላ ሰው በእኛ ቁጥር ላይ መድኃኒት ይቀምማል፣ ድልድይ ይሠራል፣ ፍርድ ይሰጣል። አል-በታኒ ያዩትን ከነጊዜውና ከነቦታው ስለጻፉ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሌሎች ሊያውቁ ቻሉ። በታማኝነት የተጻፈ ስህተት እንኳ ይታረማል፤ የተቀዳ ትክክለኛ መልስ ግን ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ነገር የመጨረሻው ጉዟቸው ነው። ዕውቀታችን ከጎረቤታችን በደል የሚጋርደን ከሆነ እሱም አንድ ግርዶሽ ነው።

በመጨረሻም አንድ ቀጠሮ እንንገራችሁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦገስት 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.) የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። መካ ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፤ አገራችን ላይ በከፊል ትጋረዳለች። በባዶ ዓይን ፀሐይን ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳልና ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር የሌለን በካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተን ምስሏን ወረቀት ላይ እንይ። ሶላቱን እንስገድ። ከዚያም የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ከነቦታው በደብተራችን እንመዝግብ።

አላህ አል-በታኒን ይማራቸው፤ እኛንም ጠቃሚ ዕውቀትና እውነተኛ እጅ ይስጠን። አሚን።